ከሠንጠረዡ ግርጌ የተጻፈ

ለክቡር ዶክተር ሲልቬስተር ማሮልት
የጎረቤት አገሮች የለስላሳ እንጨት ንግድ ንጽጽር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። በተለይ ለዓይንዎ ጤና ከልቤ እጸልያለሁ፤ ሰማንያ አራት ገጽ ሙሉ ደቃቅ ቁጥር ሲደረድሩ መክረምዎን አውቃለሁና። እኛ እዚህ ተራራው ሥር ያለነው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ግራ ጉልበቴ እርጥበት ሲነካው ከማጉረምረሙ በስተቀር እኔም በጣም ደህና ነኝ።

ፖሎና ኦስሬድካር እባላለሁ። በፖድሬብሮ መንደር በወንዝ ውሃ የሚሠራውን አሮጌ የግንድ መሰንጠቂያ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት ስጠብቅ፣ ሳንቀሳቅስ፣ ሲያኮርፍም ሳባብል የኖርኩ ሴት ነኝ። ከእኔ በፊት አባቴ፣ ከአባቴ በፊት ደግሞ አጎቱ ነበሩ። በመጽሐፍዎ ገጽ ሠላሳ ሦስት ላይ “ሠራተኛ፦ አንድ፤ ዕድሜ፦ የገፋ” ተብዬ የተጠቀስኩትም እኔው ነኝ። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ስሜን መጻፍ ቦታ እንደሚፈጅ ይገባኛል።

“የስሎቬኒያና የኦስትሪያ የለስላሳ እንጨት ንግድ፦ ንጽጽራዊ ጥናት” የተሰኘው ይኸው መጽሐፍዎ ባለፈው ሳምንት ደርሶናል። ወረቀቱ ወፍራምና አንጸባራቂ በመሆኑ መንደሩ በሙሉ ተቀባብሎ ዳሰሰው። በውስጡ ግን አንዲት ቀጭን ደብዳቤ ነበረች። ደብዳቤዋ እንደምትለው መሰንጠቂያችን ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ከተወዳደሩት አርባ ሰባት መሰንጠቂያዎች አርባ ሰባተኛ ስለ ወጣ፣ በወንዙ የመጠቀም ፈቃዱ በኖቬምበር ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲን በዓል በኋላ አይታደስም፤ ውሃ የሚያመጣልን ቦይም በዚያው ዕለት ይደፈናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሃን ራሱን እያሳሳቀ የሚወስድ መሥሪያ ቤት እንዳለ ግን አሁን ገና ማወቄ ነው።

እንግዲህ ለታላቅ ሰው ቅሬታ ማቅረብ ከአስተዳደጌ ጋር ስለማይሄድ፣ ከዚህ በታች ያሉትን በሙሉ በምስጋና እንዲቀበሉልኝ እለምናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ኢንጂነር ታዴይ ጨዋ ሰው ነው። ወደ መሰንጠቂያ ቤት ነጭ ጫማ አድርጎ በመምጣቱ አልፈርድበትም፤ ሳጋቱራ ከላይ ሲያዩት ደረቅና ጠንካራ መሬት ይመስላል። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ከገባ በኋላም ቢሆን ሰዓቱን ከእጁ አልጣለም። መጋዛችን ባለ አንድ ስለት ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ግንዱም በዝግታ ወደ እሱ ይቀርባል። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ፣ መጋዙን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ሰዓቱን አየ። “እናቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው?” ሲለኝ፣ “አይ፣ ዛሬ እንግዳ ስላለ ትንሽ ፈጠን ብሏል” አልኩት። ይህንንም ጻፈው። ገጽ ሠላሳ ሦስት ላይ “ፍጥነቱ በጎብኚዎች ብዛት እንደሚጨምር ኃላፊዋ አረጋግጠዋል” የሚለውን ሳነብ፣ በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመልኝ ይህ በመሆኑ ኩራት ተሰማኝ።

ኢንጂነሩ ዓይኑ ሹል ነው። አንዱን ጣውላ በጣቱ ሲዳስስ፣ በየስንዝሩ እንደ ጭረት ያለ ስስ የሰያፍ መስመር አገኘበት። ምክንያቱን አልደበቅኩትም። ግንዱን ወደ መጋዙ የሚገፋው ባለጥርስ መዘውር አንዱ ጥርሱ ተሸርፏል፤ ከስድሳ ዓመት በፊት ክፉ ውርጭ የነበረ ጊዜ ነው የተሸረፈው። የዚያ ጥርስ ተራ ሲደርስ ግንዱ ትንሽ ያመነታና ዘለል ይላል፤ ስለቱም ያችን መስመር ጥሎ ያልፋል። አባቴ “ተዉት፣ ጣውላው የት እንደተወለደ ይወቅ” ብሎ ነበር፤ ተውነው። መጽሐፍዎ “በየስንዝሩ የሚደጋገም አሳፋሪ የጥራት ጉድለት” ይለዋል። እባክዎ ይህቺን መስመር ከአእምሮዎ አያጥፏት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሁለተኛ፤ ስለ ዜሮው አመሰግናለሁ። ቅጽዎ “በዓመት ምን ያህል ጣውላ ሸጣችሁ?” ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በእውነት የሚያምን ሰው እንደሚያደርገው “ምንም” ብዬ ሞላሁ። መሰንጠቂያው የአሥራ ሁለት ቤቶች ነው፤ በየዓመቱ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ሳምንት ተራ አለው፤ በተራው የራሱን ግንድ ያመጣል፣ የራሱን ጣውላ ይዞ ይሄዳል። ማን ለማን ይሽጥ? “ከጎረቤት አገር የገባ ግንድ ስንት ነው?” ለሚለውም “ስድሳ” ብዬ ሞላሁ፤ እሱም እውነት ነው፤ ከየት እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። እርስዎ ሁለቱን አጋጥመው፣ ፖድሬብሮ ስድሳ ግንድ ከውጭ አስገብቶ አንዲት ጣውላ የማያወጣ ቦታ ነው ብለው ደመደሙ። ስለዚህ የድርቆሽ መስቀያዎቻችን፣ የከብት በረቶቻችን፣ የወንዙ ድልድይና በቀደም የቀበርናት የእህቴ የሬሳ ሣጥን በሙሉ ከምንም የተሠሩ መሆናቸውን ተረድተናል። በድልድዩ ላይ ስንሄድ አሁን ቀስ ብለን ነው የምንረግጠው።

በነገራችን ላይ፣ ቅርፊት የምትበላዋ ጥንዚዛ ዘንድሮም መጥታለች። ሕጉ ጥንዚዛ የገባበትን ጥድ ቶሎ ቆርጣችሁ ከጫካ አውጡ ይላል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ተሳቢ መኪና የኛን ዳገት አይወጣም፤ ለስድስት ግንድ ብሎ ደግሞ ማንም ትልቅ ፋብሪካ እዚህ ድረስ አይመጣም። መሰንጠቂያችን ከተዘጋ ግንዱን ወዴት እንውሰደው? መልሱን በሰማንያ አራቱ ገጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈልጌ አጣሁት፤ ምናልባት ሰማንያ አምስተኛው ላይ ነበር።

ሦስተኛ፤ ወደ ገጽ ስድሳ አንድ እመጣለሁ፤ ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል። እዚያ ገጽ ላይ ከአርባ ሰባቱ አንደኛ የወጣው መሰንጠቂያ በባለቀለም ፎቶግራፍ ቀርቧል፤ ከተራራው ወዲያ፣ በኦስትሪያ በኩል ያለው የአቶ ኦስዋልድ ክሮፒቭኒክ ድርጅት። መጽሐፍዎ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ “ከዚያው ተራራ፣ ከዚያው ጥድ፣ በንጹሕ የውሃ ኃይል፣ በአንድ ሠራተኛ ብቻ፣ በራሱ መሰንጠቂያ የሚያመርት አርአያ ነው። ጣውላው ባለመቸኮል ስለሚሰነጠቅ አይጣመምም። በየስንዝሩ የምትታየው ስስ የሰያፍ መስመር ደንበኞች እጅግ የሚወዷት የድርጅቱ ፊርማ ናት። የኛ ወገኖች ድንበር ተሻግረው ሊማሩ ይገባል።”

ይህን ቆሜ ነበር የጀመርኩት፤ ተቀምጬ ጨረስኩት።

ክቡር ዶክተር፣ ኦስዋልድ ክሮፒቭኒክን እኛ ኦዥባልት እንለዋለን። መሰንጠቂያችን ሲሠራ በተራራው ጫፍ ላይ ድንበር የሚባል ነገር አልነበረም። አሥራ ሁለት ቤቶች አዋጥተው ሠሩት፤ አሥራ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ፣ የክሮፒቭኒክ ቤት፣ ከወዲያ። ከዚያ ትልቁ ጦርነት አለቀና ጌቶች ካርታ ዘርግተው በተራራው አናት ላይ መስመር አሰመሩ። ለመሰንጠቂያው ግን ማንም አልነገረውም። አሥራ ሁለተኛው ተራ ዛሬም የክሮፒቭኒክ ነው። የእነሱ ደን ያለበት ገደል ደግሞ ወደኛ እንጂ ወደነሱ አያወርድም። ኦዥባልት ከአዲስ ዓመት በኋላ ጨረቃ ስትጎድል ጠብቆ ጥዱን ይቆርጣል፤ በግንቦት ግንዶቹን ወደ እኛ ያንሸራትታል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ መሰንጠቂያው ሰገነት ላይ ያድራል፣ ያንኮራፋል፣ ከመጋዙ በላይ ይሰማል፤ ጣውላውንም በትራክተር ይዞ በተራራው ማለፊያ በር ይሻገራል። ስድሳዎቹ ግንዶች እነዚህ ናቸው።

የቆየው ደንባችን ደግሞ እንዲህ ነው፦ በተራህ ጊዜ መሰንጠቂያው ያንተ ነው። የጋራ ነው ወይም ተውሰኸዋል አይባልም፤ ያንተ ነው። ቁልፉ አንተ ወገብ ላይ ይውላል። እኔም የመጋዙ አካል ስለሆንኩ ከመጋዙ ጋር ያንተ ነኝ፤ ወንዙን እንደ ሠራተኛ የሚቆጥር እንደሌለ ሁሉ እኔንም የሚቆጥረኝ የለም። እንግዲህ እርስዎ ለኦዥባልት ቅጽ ላኩለት። “ጣውላዎ የሚሰነጠቀው የት ነው? ሀ) በራስ መሰንጠቂያ፣ ለ) በሌላ ሰው መሰንጠቂያ።” ኦዥባልት ውሸት የማይወድ ሰው ነው፤ ሀ ላይ ምልክት አደረገ። “የሠራተኛ ብዛት?” አንድ። እቤቱ ያለው ምን መሰለዎት? አንድ የጣውላ ማድረቂያ ዳስ፣ ሁለት ላሞችና በደመና ላይ የሚጮህ ውሻ። ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የዳሱ በር ነው፤ ዝግ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ቅዳሜ ዕለት መጽሐፉን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ መጣ። “ፖሎና፣ ሳላጠፋ አልቀረሁም” አለኝ። “ምን አደረግህ ደግሞ?” ስለው፣ “ያንቺን መጋዝ የኔ ነው ብዬ ሞላሁ” አለ። “በተራህ ጊዜ ያንተ አይደለም እንዴ?” አልኩት። “ነው እንጂ፣ እንዴት አይሆንም!” “ታዲያ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?” ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከና “እሱስ ምንም አላጠፋሁም” አለ፤ “ችግሩ አንደኛ መውጣቴ ነው።”

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሠንጠረዥዎ አንደኛና የሠንጠረዥዎ አርባ ሰባተኛ አንድ መጋዝ ናቸው። አገራችንን ከጎረቤት አገር ጋር ሲያወዳድሩ እኛን ከእኛው ጋር አታገሉን፤ እኛም በክብር ተሸነፍን። በጥናትዎ መሠረት ወዲህ ግንድ ገብቶ ጣውላ የማይወጣበት አገር አለ፤ ወዲያ ደግሞ ግንድ ሳይሰነጠቅ ጣውላ የሚወጣበት አገር አለ፤ ይህን ያየ የንግድ ሊቅ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለውን ተራራ ሊመረምረው አልፈለገም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እርስዎ ግን የራስዎን ወርቅ የሰው ነው ብለው ካደነቁ በኋላ፣ ከራስዎ አንገት ላይ አውልቀው ወንዝ ሊጥሉት ነው።

አራተኛ፤ ስለ ጥናት ጉዞው አመሰግናለሁ። በመጪው ኦክቶበር አሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት ባለሥልጣኖች በአውቶቡስ ሆነው አርአያውን መሰንጠቂያ ሊጎበኙ እንደሚሄዱ ኦዥባልት ደብዳቤ ደርሶታል። ምስኪኑ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፤ “ምን ላሳያቸው? ውሻውን?” ይላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሥራ ሁለቱም ቤቶች መሰንጠቂያው ውስጥ ተሰበሰብን። አንዱ ቅጹ ይታረም አለ፣ ሌላው ዳሱ ውስጥ የተበላሸ መጋዝ እናቁምለት አለ። የሁላችን ታላቅ የሆኑት የሰማንያ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ ዩሪ ግን ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ “ይምጡ። አንደኛውን ሊያዩ ከሆነ የሚመጡት፣ አንደኛው እዚህ ነው” አሉ።

አንድ ችግር ነበር፤ የኦክቶበሩ ተራ የዩሪ ራሳቸው ነው። በዚያን ቀን መሰንጠቂያው የኦዥባልት ካልሆነ ሰውየው በእንግዶቹ ፊት ውሸታም ሊሆን ነው። ዩሪ ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና “ለእሱ ይሁን” አሉ። የበረታቸው ጣሪያ በረዶ ሳይመጣ ሊከደን ግንዱ ተደርድሮ እየጠበቀ ነው። በዚህ መሰንጠቂያ ታሪክ ተራውን ለሌላ የሰጠ ሰው እኔ አላየሁም፤ አባቴም አይቶ አልነገረኝም። ሳጋቱራ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስለዚህ መርሐ ግብሩ እንዲህ ነው። ኦዥባልት አውቶቡሱን ደጁ ላይ ይቀበላል፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ኩባያ የፖም ጠጅ ይቀዳል፤ ዳሱን ያሳያል፤ ውሻውን ያስተዋውቃል። ከዚያ “ወደ መሰንጠቂያዬ እንሂድ” ብሎ ይመራችኋል፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ግማሹ ዳገት፣ ግማሹ ቁልቁለት። እኔ ከታች ሆኜ የጎመን ሾርባ ጥጄ እጠብቃለሁ። ኢንጂነር ታዴይ ጫማ እንዲቀይር በእናት አንጀት ይነገርልኝ።

አሁን ክቡርነትዎ ከፈቀዱልኝ ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። የውሃ መንኰራኩራችን እንጨት ነው። እንጨት ከውሃ ጋር ከኖረ ዘመን ይሻገራል፤ አንድ የበረዶ ክረምት በደረቅ ከቆመ ግን ይሰነጣጠቃል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ዳግመኛም አይዞርም። ስለዚህ በቅዱስ ማርቲን ዕለት ቦዩን ደፍናችሁ በፋሲካ ተሳስተናል ብትሉን፣ ይቅርታችሁን በደስታ እንቀበላለን፤ መጋዙ ግን ሞቶ ይጠብቃችኋል። እንዲህ ያለ መንኰራኩር የሚሠራልን ሰው ከእንግዲህ የለም፤ የሚያውቁት አልፈዋል። እኔ እፈራለሁ፤ በማዕረግ ለተጻፈ ደብዳቤ የማይመጥን ቃል ቢሆንም ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። የአሥራ ሁለት ቤት ቁልፍ በእጄ ላይ እንዲዝግ አልፈልግም።

ከዚህ በላይ ውድ ጊዜዎን አልሻማም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ ይህን ደብዳቤ በመጋዛችን ፍጥነት ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ፣ ግልባጩንም ለሃያ ሁለቱ ተጓዦች እንዲያድሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጠረጴዛዎ ከአቧራ፣ ሠንጠረዥዎ ከእውነት ተጠብቆ እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ከአንደኛ እስከ አርባ ሰባተኛ ባለው ደረጃ ሁሉ የጸና መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ታዛዥዎ፣
ፖሎና ኦስሬድካር
የአሥራ ሁለቱ ቤቶች የመጋዝ ጠባቂ፣
በየአንዳንዱም ተራ የየአንዳንዱ ንብረት
ፖድሬብሮ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ መጽሐፍዎ ገጽ ዘጠኝ ላይ እርስዎና ባልደረቦችዎ በትልቁ አዲስ የስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ትታያላችሁ። ከፎቶግራፉ ሥር “ከአርአያው ጎረቤታችን ጣውላ የተሠራ፤ የዚህ ጥናት ውሳኔዎች ሁሉ የተፈረሙበት” ይላል። ከላይ አናጺው ልጎታል፤ ከታች ግን አናጺ አይደክምም። እባክዎ አሁን ደብዳቤዬን አስቀምጠው እጅዎን ከጠረጴዛው ሥር ይስደዱና አንድ ስንዝር ይዳስሱ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ስንዝር። አገኟት? አባቴ ተዉት ያለው ጥርስ ነው። የውሃውን ፈቃድ ሲያድሱም እዚያው ላይ ቢፈርሙት ይሻላል፤ ጠረጴዛው አይነቃነቅም፤ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።